እናትየው 46፣ ልጅቷ 21፦ የሳንባ ችግርን ቀድሞ ስለማየት ከጅማ አንድ የጉዳይ ጥናት

ለምን ይመዝገብ

የምሰራው ጅማ ውስጥ በአንድ ጤና ተቋም የክትትል ክፍል ነው፣ የሚበዙት ስኳር፣ ደም ግፊትና አስም ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ይሄን ጉዳይ የምጽፈው አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ስላየን ነው፣ አንዷ ሳንባቸው ከተጎዳ በኋላ የመጡ እናት፣ ሌላዋ ደግሞ ማንም ገና ታማሚ ያላላት ልጃቸው። የእናትየውን ታሪክ ወደ ኋላ ሄደን ስንጠይቅ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ምልክቱ ሁሉ ነበረ፣ የጠየቃቸው ሰው ነው ያልነበረው። ልጅቷ ላይ ደግሞ ያው ምልክት አሁን አለ። ሳንባ በሽታ የሽማግሌ ነው ብለን ስለምናስብ ሃያ ዓመት የሆነው ልጅ ሲያስል ሽሮፕ ሰጥተን እንሸኘዋለን፣ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ሁለቱም እንዲጻፍ ፈቅደዋል፣ ስምና ሰፈር የለም፣ ሰው ሊለያቸው የሚችልባቸውን ነገሮች ቀይሬያለሁ።

የእናትየው ታሪክ

የተወለዱት ከጅማ ወጣ ብሎ ገጠር ነው። ልጅ እያሉ በሳንባ ምች ሊሞቱ እንደነበር እናታቸው ይነግሯቸው ነበር። በ17 ዓመታቸው ከተማ ገብተው ቡና መጋዘን ለቀማ ጀመሩ፣ መጋዘን ውስጥ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ብናኙን ያውቀዋል፣ በር ላይ ቆመህ እንኳን ጉሮሮህን ይይዝሃል። በ22 ዓመታቸው ቲቢ ያዛቸው፣ ያኔ መድሃኒቱ የስምንት ወር ነበርና ሳያቋርጡ ጨረሱ፣ "ድነሻል" ተባሉ። ቲቢውም በርግጥ ድኗል። ሳንባው ግን ወደ ነበረበት ተመልሷል ወይ ብሎ የለካ የለም፣ በዛ ጊዜ መለኪያውም የት ይገኛል።

ከዛ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ እንጀራ እየጋገሩ ለሆቴልና ለሱቅ አስረክበዋል። የሚነድደው የባህር ዛፍ እንጨት፣ ሲወደድ ሰጋቱራ፣ የቡና ወቅት ሲሆን ደግሞ የቡና ገለባ። ጅማ እንጨት ስራ የበዛበት ከተማ ስለሆነ ሰጋቱራ በርካሽ ይገኛል፣ ጭሱ ግን ከባድ ነው፣ ቀስ ብሎ እየጨሰ ነው የሚነድደው። ማድቤቱ በቆርቆሮ የተዘጋ፣ በሩ ብቻ ክፍት የሆነ ጠባብ ክፍል ነው። ሲጋራ በህይወታቸው አጭሰው አያውቁም።

አንድ የነገሩኝ ነገር አለ፣ እስካሁን ከጉዳዩ ሁሉ ትልቁ መረጃ እሱ ይመስለኛል። ሃያ አራት ሃያ አምስት ዓመታቸው ላይ ከከተማው ከፍ ብሎ ያለው ኮረብታ፣ ጅሬን፣ ሰርግ ሲጠሩ ዳገቱን ከጓደኞቻቸው እኩል መውጣት አይችሉም ነበር፣ እነሱ እያወሩ እየሳቁ ሲወጡ እሳቸው መሃል ላይ ጫማ የሚያስተካክሉ መስለው ይቆሙ ነበር። ጠዋት ጠዋት አክታ ነበረ፣ ክረምት ሲገባ ሳሉ ሳምንታት ይቆይ ነበር። ይሄን ሁሉ እንደ ተፈጥሯቸው ነው የወሰዱት።

ችግሩ

እኛ ጋር ሲመጡ ውሃ ከቧንቧ እስከ ማድቤት ሲያመጡ ያርፋሉ፣ ሌሊት ደረታቸው ያፏጫል። ከዚያ በፊት በተለያየ ቦታ ብሮንካይት፣ አስም፣ ብርድ፣ የልብ ችግር ተብለዋል። አንቲባዮቲክ ብዙ ጊዜ ወስደዋል፣ ሲብስ መርፌ ይወጉና ለሁለት ሳምንት ይሻላቸዋል። አንድ ቦታ ራጅ ላይ የድሮ ጠባሳ ታይቶ ሁለተኛ ጊዜ የቲቢ መድሃኒት ሊጀመርላቸው ነበር፣ ጂንኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ ምርመራ ነጻ ሲል ቀረ።

የኛ ተቋም ስፓይሮሜትሪ የለውም፣ ማለትም ሰውየው ሙሉ አየር ስቦ በሃይል ሲተነፍስ በመጀመሪያዋ ሴኮንድ ስንት እንደወጣና በጠቅላላው ስንት እንደወጣ የሚለካው ማሽን። ሪፈር ጽፈን ከተማው ውስጥ ወዳለ ማሽኑ ያለው ቦታ ላክናቸው። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም፣ ሳል እየያዛቸው መሃል ላይ ያቋርጡ ነበር። በሌላ ቀን የምታሰራቸው ነርስ በኦሮምኛ እያስረዳች፣ መጀመሪያ ራሷ ነፍታ እያሳየች ስታሰራቸው ተስተካከለ። የአየር መንገድ የሚከፍተው መድሃኒት ሳልቡታሞል ተሰጥቷቸው 15 ደቂቃ ከጠበቁ በኋላ በድጋሚ ሲነፉ በመጀመሪያዋ ሴኮንድ የወጣው ከጠቅላላው 56 በመቶ ብቻ ነው፣ ከ70 በታች ከሆነ የአየር መንገዱ ጠቧል ይባላል። የመጀመሪያዋ ሴኮንድ አየር ደግሞ በእድሜና በቁመት ከሚጠበቀው 52 በመቶ ነበር። ሲኦፒዲ ነው፣ ማለትም የአየር መንገዱ ጠቦ የሚቀርበት የቆየ የሳንባ በሽታ፣ መካከለኛ ደረጃ፣ ከድሮው የቲቢ ጠባሳ ጋር ተደርቦ።

ሲኦፒዲ የሲጋራ በሽታ ነው የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሰው ጋር አለ፣ ሀኪሞችም ጋር። ሃብታም አገሮች ላይ ከ70 በመቶ በላዩ በሲጋራ ነው፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ላይ ግን ከ30 እስከ 40 በመቶ ብቻ ነው ይላል የዓለም ጤና ድርጅት፣ ቀሪው የቤት ውስጥ ጭስ፣ የስራ ቦታ ብናኝ፣ የልጅነት ኢንፌክሽንና የመሳሰለው ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. 3.5 ሚሊዮን ሰው ገድሏል፣ ከ70 ዓመት በታች ከሞቱት ደግሞ 90 በመቶ ገደማ የሚሆኑት እንደኛ ባሉ አገሮች ያሉ ናቸው። ስለዚህ "ታጨሻለሽ?" ብለን "አላጨስም" ስንባል ፋይሉን መዝጋት የለብንም።

ልጅቷ

ልጅቷ እናቷን ይዛ ነው የምትመጣው፣ ኮሌጅ ትማራለች። እናትየው ስለ ጅሬን ዳገት ሲያወሩ "እኔም እኮ እንደዛው ነኝ እማ" አለች። ከዛ ስጠይቃት ብዙ ነገር ወጣ። ስትወለድ በጣም ትንሽ ነበረች፣ አምስት ዓመት ሳይሞላት በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኝታለች፣ ህፃን ሆና እናቷ ጀርባ ላይ ታዝላ ነው እንጀራ የሚጋገረው፣ ከአስር ዓመቷ ጀምሮ ደግሞ ራሷ ምጣድ ላይ ናት። ጠዋት ታስላለች፣ አክታ አላት፣ ቲቢ ምርመራዋ ነጻ ነው።

እሷም ስፓይሮሜትሪ ተሰራላት። የወጣው ወረቀት "ኖርማል" ይላል። እዚህ ጋር ማሽኑ ምን ላይ ተስተካክሎ እንደነበር ማየት አስፈለገ። ማሽኑ ሰውየውን ከሚጠበቅ መጠን ጋር ነው የሚያወዳድረው፣ የቆዩት ማስተካከያዎች ደግሞ የዘር ምርጫ አላቸው፣ "ጥቁር" የሚለው ሲመረጥ የሚጠበቀው መጠን ራሱ ከመጀመሪያው ዝቅ ተደርጎ ይሰላል፣ ስለዚህ ያነሰ ሳንባ ደህና መስሎ ይወጣል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዘር የማይጠይቅ ዓለም አቀፍ ስሌት አለ፣ የአሜሪካ የደረት ህክምና ማህበርም በ2023 እሱ እንዲሰራበት መክሯል። በሱ ሲሰላ የልጅቷ የመጀመሪያ ሴኮንድ አየር 2.3 ሊትር ሆኖ ከሚጠበቀው 78 በመቶ ሆነ። ሬሾው፣ ማለትም በመጀመሪያዋ ሴኮንድ የወጣው ከጠቅላላው ሲሰላ፣ ግን ደህና ነው፣ 81 በመቶ፣ ማለት የአየር መንገዱ አልጠበበም፣ ሲኦፒዲ የለባትም፣ ከሳልቡታሞል በኋላም ብዙ ስላልተለወጠ አስም የሚያስመስል ነገር አልታየም። ሳንባዋ መድረስ ያለበት ቦታ ሳይደርስ እድገቱን የጨረሰ ነው የሚመስለው።

ይሄ ለምን ያሳስባል? የሰው ሳንባ እስከ 20ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ ያድጋል፣ ከዛ ለጥቂት ጊዜ ባለበት ይቆይና መቀነስ ይጀምራል፣ በማያጨስ ጤነኛ ሰው በዓመት 20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ። ድሮ ሲኦፒዲ ማለት በፍጥነት የሚቀንስ ሳንባ ማለት ብቻ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉትን የፍራሚንግሃምን (አሜሪካ)፣ የኮፐንሃገንን (ዴንማርክ) እና የአንድ ሌላ የአሜሪካ ቡድን መረጃ አንድ ላይ ያየ ጥናት ግን ሁለት መንገድ እንዳለ አሳየ። ሁለት ሮቶ አስቡ፣ አንዱ ሞልቶ ነበር ግን ቀዳዳ አለው፣ ሌላው ቀዳዳ የለውም ግን ከመጀመሪያውም አልሞላም፣ ሁለቱም ከጊዜ በኋላ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ሲኦፒዲ ካገኛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በሁለተኛው መንገድ የመጡ ነበሩ። ከ40 ዓመታቸው በፊት ከሚጠበቀው 80 በመቶ በታች ከነበሩት ውስጥ ከ22 ዓመት ገደማ በኋላ 26 በመቶው ሲኦፒዲ ያዛቸው፣ ከ80 በላይ ከነበሩት ግን 7 በመቶው ብቻ።

ካርዲያ የሚባለው የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በ1985 እና 86 እ.ኤ.አ. ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆኑ 5,115 ጥቁርና ነጭ ወጣቶችን በበርሚንግሃም፣ ቺካጎ፣ ሚኒያፖሊስና ኦክላንድ መዝግቦ እስከ ጎልማሳነት ተከታትሏል። የተጀመረው ለልብ ነው ግን ሳንባም ይለካ ነበር። ከሱ የወጣው ነገር ለኔ ስራ በጣም ይጠቅማል፣ ወጣት ሆነው ሳል፣ አክታ፣ የትንፋሽ ማጠር የነበራቸው ሰዎች በኋላ ሳንባቸው ይበልጥ ቀንሶ ተገኝቷል፣ በወጣትነት የተለካውም ሳንባ ከ20 ዓመት በኋላ የሚመጣውን ይጠቁማል። አውስትራሊያ ውስጥ ታዝማኒያ ላይ በ1968 እ.ኤ.አ. ከሰባት ዓመት ህፃናት ጀምሮ የሚከታተለው ጥናትም የልጅነት አስምና ሳንባ ምች በዚህ መንገድ ላይ እንዳሉ አሳይቷል።

26 በመቶው የልጅቷ ቁጥር ነው ብዬ ግን አልነገርኳትም፣ እነዛ ሰዎች ብዙዎቹ ሲጋራ የሚያጨሱ ናቸው፣ እሷ የሰጋቱራ ጭስ ናት፣ ቁጥሩን እንዳለ አንስቶ ጅማ ላይ መለጠፍ ትክክል አይደለም። የሚተላለፈው አቅጣጫው ነው። ለራሷ ያሳየኋት ስሌት ቀላል ነው፣ 2.3 ሊትር ይዛ ከ25 ዓመቷ ጀምሮ በዓመት 25 ሚሊ ሊትር ብትቀንስ 50 ዓመቷ ላይ 1.7 ሊትር ገደማ ይቀራታል፣ በዚህ ስራ ይሰራል፣ ልጅ ይታዘላል። በዓመት 50 ብትቀንስ ግን 1 ሊትር ገደማ ላይ ናት፣ ያ ደግሞ እናቷ አሁን ያሉበት አካባቢ ነው። መነሻው አይለወጥም፣ የሚቀንስበት ፍጥነት ግን ገና አልተወሰነም።

ያደረግነው

ለእናትየው ሳልቡታሞል ፓፍ (በአፍ የሚሳብ መድሃኒት) ተሰጠ፣ ረጅም ሰዓት የሚሰሩት ፓፎች ከአቅማቸው በላይ ነበሩ። ፓፉን ሲጠቀሙ አብዛኛው ምላስ ላይ ነበር የሚቀረው፣ ስለዚህ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ታች በኩል በጋለ ሽቦ የፓፉ አፍ ልክ ተበሳ፣ ፓፉ እዛ ይገባል፣ እሳቸው በጠርሙሱ አፍ በኩል ይስባሉ። ይሄ ዘዴ በህፃናት አስም ላይ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተፈትኖ በ1999 እ.ኤ.አ. ታትሟል፣ ለዚሁ ተብሎ ከሚሸጠው እቃ ጋር ተቀራራቢ ነው የሰራው። ብር የማይጠይቅና በዛው ቀን የሚሰራ ነገር ስለሆነ ሁሉም ክትትል ክፍል ቢያደርገው ደስ ይለኛል።

ትልቁ ስራ ማድቤቱ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ በእቁብ ብር ተገዛ። ግቢው ግን የኪራይ ነው፣ አንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤት፣ ምጣዱ ሲሰካ ብሬከሩ ይጥላል ጎረቤትም ይቆጣል፣ መብራትም ይጠፋል። በስንት ንግግር ከአከራዩ ጋር ስምምነት ተደረሰ፣ ጎረቤቶች ብዙ በማይጠቀሙበት ሌሊት ላይ በኤሌክትሪክ ይጋገራል፣ መብራት ሲጠፋ ጭስ ማውጫ ባለው ምርጥ ምድጃ፣ እሱም በደረቅ እንጨት ብቻ። ሰጋቱራና ገለባ ቀረ። አከራዩ ግድግዳ አይበሳም አሉ፣ የማድቤቱ ሁለት ጎን ቆርቆሮ ግን ተነሳ። እውነቱን ለመናገር ጭሱ ላይ ትልቁን ለውጥ ያመጣው የቆርቆሮው መነሳት ይመስለኛል፣ ወጪው ደግሞ ምንም ነው።

ልጅቷስ ትጋግር ወይስ አትጋግር የሚለው ከባድ ነበር፣ የቤቱ ገቢ ነው፣ የኮሌጅ ወጪዋም ከሱ ነው። እናትየው "አንዲት ልጅ ከገጠር አመጣለሁ፣ እሷ ትጋግራለች" አሉ። እኔም "እትዬ፣ እሷስ ሳንባ የላትም?" አልኳቸው፣ ዝም አሉና "ልክ ነህ ልጄ፣ እኔም እንደዛ ሆኜ ነው የመጣሁት" አሉ። የአስራ አራት ዓመት ልጅ አምጥቶ ጭስ ውስጥ ማስገባት የኛን ቁጥር ያሳምር ይሆናል እንጂ አደጋውን አይቀንሰውም፣ ሰው ብቻ ነው የሚቀይረው። በመጨረሻ እናትና ልጅ ስራውን ከፋፈሉት፣ ልጅቷ ማቡካትና ማከፋፈል፣ የምድጃው ቀን ላይ ደግሞ የተሻለ አቅም ያላት አክስቷ ክፍት በሆነው ማድቤት ውስጥ በአጭር ሰዓት። የሚጋገረው ቁጥር ቀነሰ፣ ገቢም ቀነሰ፣ ይሄን መደበቅ አይቻልም።

ያልሰራው

ማስክ አልሰራም። ጋዙን አያስቀረውም፣ ሙቀቱ ላይ ደግሞ ማንም አያደርገውም። ወደ ከሰል መቀየርም ተሞከረ፣ ጭስ አይታይም ግን ራስ ምታት አመጣባቸው፣ ከሰል ዝግ ቤት ውስጥ የማይታይ መርዝ ነው የሚለቀው፣ ወዲያው ቀረ።

ፓፉን እናትየው አቋርጠውት ነበር፣ ጎረቤት "ፓፍ ከለመድሽ አትለቂውም፣ ሱስ ነው" ብላቸው። ክረምት ሲገባ በጣም ተባብሶባቸው ድንገተኛ ገቡ። ከዛ በኋላ ጎረቤትየዋ ራሷ ተጠርታ አብራ እንድትሰማ ተደረገ፣ እሱ ነው የሰራው፣ ለታማሚው ብቻ መንገር እኛ አገር አይበቃም።

ልጅቷ ጋር ያልሰራው ውጤቱን የተረዳችበት መንገድ ነው። ወረቀቷን ይዛ ቤት ገብታ ብቻዋን አነበበችው፣ 78 ላይ በቀይ ተከቦ ነበር። ታማሚ ነኝ ብላ ደመደመች፣ ግቢ ውስጥም ቲቢ አለባት የሚል ወሬ ተነሳ፣ ለአንድ የ21 ዓመት ሴት ልጅ ጅማ ውስጥ ይሄ ወሬ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። ለወራት ጠፋች። የተመለሰችው እናቷን ድንገተኛ ይዛ በመጣች ጊዜ ነው። ያኔ ያስረዳናት በሌላ አኳኋን ነው፣ መጀመሪያ የሌለባትን ነገር፣ ቲቢ የለም፣ ሲኦፒዲ የለም፣ ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር የለም፣ ከዛ መነሻዋ ለምን ዝቅ እንዳለ፣ ከዛ በእጇ ያለው ምን እንደሆነ። ለእናቷም አብሮ ተነገረ፣ እናትየው ጥፋቱን ሁሉ ራሳቸው ላይ እያደረጉ ሲያለቅሱ ነበርና። አዝሎ መጋገር ጥፋት አይደለም፣ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም፣ ይሄንንም በግልጽ ነገርናቸው።

የት ደረሱ

ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እናትየው ከዛ ክረምት ወዲህ ድንገተኛ አልገቡም፣ ቁጥራቸው አልተሻለም፣ ሲኦፒዲ ተመልሶ አይድንም፣ ግን ውሃ ሲያመጡ ማረፍ ቀንሰዋል፣ በየቀኑ መራመድ ጀምረዋል። የልጅቷ የጠዋት ሳል አብዛኛውን ቀን የለም። ስትለካ 2.3 ላይ ነው ያለችው።

ለሌላ ቦታ የሚወሰደው

ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ሰው በማንኛውም ምክንያት ሲመጣ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ጥቂት ደቂቃ አይፈጅም። ልጅ ሆነህ በሳንባ ምች ተኝተሃል ወይ፣ አስም ነበረብህ ወይ፣ ቲቢ ታክመሃል ወይ፣ ቤትህ ወይ ስራህ ጭስና ብናኝ አለው ወይ፣ ሲጋራ ወይ ሺሻስ፣ ብዙ ቀን ታስላለህ ወይ፣ ዳገት ላይ ከእኩዮችህ ጋር እያወራህ ትወጣለህ ወይ። የመጨረሻዋን ጥያቄ በተለይ እወዳታለሁ፣ "ትንፋሽ ያጥርሃል?" ሲባል ሁሉም "አይ ደህና ነኝ" ነው የሚለው፣ ስለ ዳገቱ ሲጠየቅ ግን እውነቱን ይናገራል። ከነዚህ ሁለት ሶስቱ አዎ ከሆኑ ማሽን ያለበት ቦታ መላክ ተገቢ ነው፣ ማሽን ከሌለ ደግሞ ካርዱ ላይ በግልጽ ጽፎ ጭሱ ላይ መስራት ይቻላል፣ ለዛ ማሽን አያስፈልግም።

ቲቢ የጨረሰ ሰው ላይ አክታው ነጻ ሆነ ብሎ ማቆም አይበቃም፣ በተለይ ወጣት ከሆነ። እናትየው በ22 ዓመታቸው ተለክተው ቢሆን ኖሮ ቡና መጋዘኑና ሰጋቱራው ላይ አንድ ሰው አንድ ነገር ይላቸው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ስለ ቤት ከመምከር በፊት ቆጣሪው የማን እንደሆነ፣ አከራዩ ምን እንደሚፈቅድ፣ ገቢው ከየት እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል። "ጭስ አቁሚ" የሚለው ምክር እንጀራ ለሚሸጥ ቤት ስራ አቁሚ ማለት ነው።

ክትትል የምታደርጉ ካላችሁ ደግሞ በተቻለ መጠን አንድ ማሽን ላይ፣ አንድ ዓይነት ስሌት መርጣችሁ ለኩ፣ የትኛው ስሌት እንደሆነም ካርዱ ላይ ጻፉ፣ ከመቶኛው ጋር ሊትሩንም ጻፉ፣ ምክንያቱም ስሌቱ ሲቀየር መቶኛው ይለወጣል፣ ሊትሩ ግን ያው ነው። አንድ ሰው በዛው ቀን እንኳን ሲነፋ እስከ 150 ሚሊ ሊትር ሊለያይ ይችላል፣ ስለዚህ ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው ትንሽ ወርዶ ወይ ከፍ ብሎ ብታዩት ልጁን ከማስደንገጣችሁ በፊት ቀጣዩን ልኬት ጠብቁ።